250 ቃል የተፈቀደለት አብስትራክት 396 ቃል ሆነብኝ፣ ከየት ልቁረጥ?

ጠያቂ፦ ደገኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ጥናቴን ለአንድ ዓመታዊ ጉባኤ ልልክ ነው። የሚቀበሉት በንዑስ ርዕስ የተከፋፈለ አብስትራክት (የጥናቱ አጭር መግለጫ) ብቻ ነው፦ መነሻ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ። በእንግሊዝኛ፣ ከ250 ቃል ሳይበልጥ። የእኔ 396 ነው። ከዚህም ከዚያም ብሸራርፈው 370 አካባቢ ላይ ይቆማል።

ርዕሱ "በአራት ጤና ጣቢያዎች የቅድመ ወሊድ ክትትል በሚያደርጉ ነፍሰ ጡሮች ላይ የደም ማነስ መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች" የሚል ነው። ረቂቁን ወደ አማርኛ መልሼ ላስቀምጠው። (ኦድስ ችግሩ ያለባቸው ለሌለባቸው ሲካፈል የሚመጣው ነው፤ ኦድስ ሬሾ የሁለት ቡድኖች ኦድስ ንጽጽር፣ ኤኦአር ደግሞ የሌሎች ሁኔታዎች ተጽዕኖ ተስተካክሎ የተሰላው ነው። ሲአይ እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል ነው።) ጥናቱ ገና ስላልታተመ ቁጥሮቹን ነካክቻቸዋለሁ።

መነሻው አምስት ዓረፍተ ነገር፣ 112 ቃል ስለሆነ ሁሉንም አልለጥፈውም። "የደም ማነስ በዓለም አቀፍ ደረጃ ትልቅ የሕብረተሰብ ጤና ችግር ነው" ብሎ ይጀምርና ከዓለም ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ ይወርዳል።

ዘዴ፦ በጤና ተቋም ላይ የተመሠረተ ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ከማርች 1 እስከ ኤፕሪል 30፣ 2024 ተካሂዷል። 422 ነፍሰ ጡሮች በሲስተማቲክ ራንደም ሳምፕሊንግ ተመርጠዋል። መረጃው አስቀድሞ በተሞከረ መጠይቅ፣ ፊት ለፊት ተሰብስቧል። በኢፒዳታ ቨርዥን 3.1 ገብቶ ለትንተና ወደ ኤስፒኤስኤስ ቨርዥን 25 ተልኳል። በቢቫሪያብል (አንድ በአንድ በሚደረግ) ትንተና ፒ ቫልዩአቸው ከ0.25 በታች የሆኑ ተለዋዋጮች ወደ መልቲቫሪያብል (ሁሉም በአንድ ላይ ወደሚተነተኑበት) ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ገብተዋል። ፒ ቫልዩው ከ0.05 በታች የሆነ ጉልህ ተብሏል።

ውጤት፦ ከ422 ተሳታፊዎች 28.9% የደም ማነስ አለባቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 26.4 ዓመት ነው። 87% ያገቡ፣ 61% የከተማ ነዋሪ ናቸው። የአይረን ፎሌት (የብረትና የፎሊክ አሲድ) ኪኒን (ኤኦአር = 2.3፤ 95% ሲአይ፦ 1.4፣ 2.9)፣ የክንድ ዙሪያ ልኬት (ኤኦአር = 2.7፤ 95% ሲአይ፦ 1.6፣ 4.5) እና የእርግዝና ወቅት (ኤኦአር = 1.9፤ 95% ሲአይ፦ 1.1፣ 3.2) ከደም ማነስ ጋር ጉልህ ዝምድና አላቸው።

ማጠቃለያ፦ የደም ማነስ መጠኑ ከፍተኛ ነው። የሚመለከታቸው አካላት ልዩ ትኩረት ሊሰጡት ይገባል። የጤና ትምህርት መጠናከር አለበት።

ሰንጠረዡ ላይ ያለ፣ አብስትራክቱ ውስጥ ያላስገባሁት ነገርም አለ፦ ኪኒን ከማይወስዱት 163 ሴቶች 64ቱ፣ ከሚወስዱት 246 ደግሞ 54ቱ የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ይግባ ወይስ ይቅር?


መልስ፦ የቁጥር_ሰው

እህቴ፣ ከመቁረጥሽ በፊት ውጤቱን አስተካክይ። ውጤቱ ሳይጠራ መነሻና ዘዴ መከርከም ድካም ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ችግር "ከ422 ተሳታፊዎች 28.9%" የሚለው ላይ ነው። ከሥር የሰጠሽውን ሰንጠረዥ ደምሪው፦ 163 እና 246፣ 409 ይሆናል። የደም ማነስ ያለባቸው 64 እና 54፣ 118 ናቸው። 118 ለ409 ሲካፈል በትክክል 28.9% ይመጣል። ለ422 ብታካፍይው ግን 28.0% ነበር። ስለዚህ የተመረጡት 422፣ የተሳተፉት 409 (96.9%) ናቸው፤ መቶኛው የተሰላው ከ409 ነው። አብስትራክትሽ ግን 28.9%ን ያለ ቦታው 422 ላይ ለጥፎታል። ገምጋሚ ካልኩሌተር ካነሳ መጀመሪያ የሚፈትሸው ይህንን ነው። መቶኛ ስትጽፊ ሁልጊዜ ከስንት ውስጥ ስንት እንደሆነ አስቀምጪ፦ "ከ409 ነፍሰ ጡሮች 118ቱ (28.9%፤ 95% ሲአይ 24.5–33.2)"። የዋናው ውጤትሽ ሲአይ ረቂቁ ላይ ጭራሽ አልነበረም። የጥናቱ ዓላማ መጠኑን መለካት ሆኖ ሳለ ለኦድስ ሬሾ ሲአይ ሰጥቶ ለመጠኑ መንፈግ የተለመደ ግድፈት ነው።

ሁለተኛ፣ ኪኒኑ ላይ ያለው ሲአይ የተሳሳተ ይመስላል። ለመፈተሽ ቀላል መላ አለ፦ የሲአይውን ሁለት ጫፎች አባዢና ስኩዌር ሩት አውጪ፣ ወደ ኦድስ ሬሾው መጠጋት አለበት። የክንድ ዙሪያው 1.6 በ4.5፣ 7.2 ነው፤ ሩቱ 2.68፣ ከ2.7 ጋር ገጠመ። የእርግዝና ወቅቱ 1.1 በ3.2፣ 3.52፤ ሩቱ 1.88፣ ይህም ገጠመ። የኪኒኑ 1.4 በ2.9፣ 4.06፤ ሩቱ 2.01፣ ከ2.3 ጋር አይገናኝም። የላይኛው ጫፍ 3.9 ቢሆን 2.34 ይመጣ ነበር። አንድ አኃዝ ስትገለብጪ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ የኤስፒኤስኤሱን ውጤት ከፍተሽ እይው። ይህ መላ የሚሠራው ለኦድስ ሬሾና ለመሰሎቹ ነው፤ ለመቶኛና ለአማካይ አትጠቀሚበት።

ይህን ያህል የምጨቀጭቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ስድስት ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶችን ፈትሾ፣ አብስትራክቱ ላይ ያለ ቁጥር ከውስጡ ጽሑፍ ጋር የማይገጥምበት ወይም ውስጥ ጭራሽ የማይገኝበት ሁኔታ እንደ መጽሔቱ ከ18% እስከ 68% በሚሆኑ ጽሑፎች ላይ አግኝቷል።

ሦስተኛ፣ አቅጣጫ የለውም። "የአይረን ፎሌት ኪኒን 2.3" ሲባል መውሰድ ነው ወይስ አለመውሰድ? እንደተጻፈው ከሆነ ኪኒኑ ደም የሚቀንስ ይመስላል። "የክንድ ዙሪያ 2.7" ምን ማለት ነው፣ ሰፊው ወይስ ጠባቡ? መለያ ነጥቡ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? "የእርግዝና ወቅት" ስትይ የትኛው ከየትኛው ጋር ተነጻጽሮ? እያንዳንዱ ሬሾ ሁለት ወገን አለው፣ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው።

ሰንጠረዡ ይግባ ወይ ላልሽው፣ ይግባ። እንዲያውም ከሁሉ በፊት። "ኪኒን ከማይወስዱት 39.3%፣ ከሚወስዱት 22.0%" የሚለውን ማንም ይረዳዋል። ደግሞም ኦድስ ሬሾ ብቻውን ሲቀመጥ ያጋንናል። የሁለቱ መቶኛ ንጽጽር 1.8 እጥፍ ገደማ ነው፤ ኦድስ ሬሾው 2.3 ነው። ነገሩ ከ10% በላይ በሚታይበት ሕዝብ ውስጥ ሁለቱ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ስለዚህ "የመያዝ ዕድላቸው 2.3 እጥፍ ነው" ብለሽ አትጻፊ፤ 2.3 የኦድሱ ነው።

ዕድሜ፣ ጋብቻ፣ የከተማ ነዋሪነት ከአብስትራክቱ ይውጡ። የመደምደሚያሽ አካል አይደሉም፣ ወደ 25 ቃል ይመልሱልሻል።


መልስ፦ ቀይ_እስክሪብቶ

የቁጥር ሰው የተናገረው ላይ አልጨምርም፣ ሁሉም ልክ ነው። እኔ መነሻውና ዘዴው ላይ ልሂድ፤ 146 ትርፍ ቃል የተቀመጠው እዚያ ነው።

ለ250 ቃል ግምታዊ ድርሻው እንዲህ ነው፦ መነሻ 35–40፣ ዘዴ 65–70፣ ውጤት 100 ገደማ፣ ማጠቃለያ 40። ያንቺ መነሻ ብቻውን 112 ነው። ለሕብረተሰብ ጤና ጉባኤ ገምጋሚ የደም ማነስ ችግር መሆኑን ማስረዳት ለቄስ መጽሐፍ ማስተማር ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አንዱ ያልታወቀው ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ዓላማው። "በዚህ አካባቢ ነፍሰ ጡሮች አይረን ፎሌት እየታደለ የደም ማነስ ምን ያህል እንደቀረ አልተለካም። የጥናቱ ዓላማ መጠኑንና ተያያዥ ሁኔታዎችን መለካት ነው።" ዓላማው ዘዴው ውስጥ ገብቶ ወይም ጠፍቶ ከተገኘ ብዙ የነጥብ መስጫ ቅጾች ላይ ነጥብ ያስቀንሳል።

ዘዴው ላይ ደግሞ መኖር የሌለበት ሞልቶ፣ መኖር ያለበት ቀርቷል። የኢፒዳታና የኤስፒኤስኤስ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 15 ቃል ገደማ ይበላል፣ ለአንባቢ የሚነግረው ግን የለም። ይውጣ። የ0.25ቷ ዓረፍተ ነገርም ሌላ 15 ናት። "መልቲቫሪያብል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተጠቅመናል" ካልሽ በቂ ነው። (በቢቫሪያብል ፒ ቫልዩ ተለዋዋጭ መምረጥ ራሱ የሚተች አሠራር ስለሆነ፣ ቃል ከፍለሽ ራስሽን ባታጋልጪ ይሻላል።) 0.05ም ይውጣ። 422 ከየት እንደመጣችም ማስረዳት የለብሽም፤ 384 ላይ 10% ተጨምሮ የምትገኘውን ቁጥር አገራችን ውስጥ የማያውቃት ገምጋሚ የለም።

የቀረው ትልቁ ነገር የደም ማነሱ እንዴት እንደተለካ ነው። ረቂቁ "በመጠይቅ ፊት ለፊት" ይላል። ሴቶቹ ተጠይቀው ነው እንዴ ደማቸው ማነሱ የታወቀው? ዋናው ልኬት የሌለው አብስትራክት በዚያው ሊወድቅ ይችላል። ሦስት ነገር ያስፈልጋል። በምን ተለካ፦ ሄሞኪዩ (ትንሿ የሄሞግሎቢን መለኪያ መሣሪያ) ነው፣ በላቦራቶሪ ማሽን? መለያ ነጥቡ ስንት ነው፦ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው) ለሁሉም ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ እንደዚያ በይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር 10.5 ነው፤ አንቺ ደግሞ በእርግዝና ወቅት እያነጻጸርሽ ስለሆነ የቱን እንደተጠቀምሽ ውጤቱን ይነካዋል። ሦስተኛው ከፍታ ነው። ስምሽ ደገኛዋ ነውና ከተማዋም ደጋ ከሆነች ሄሞግሎቢኑ ለከፍታ ተስተካክሏል ወይ? ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል፣ ሳይስተካከል ከቀረ የደም ማነስ ያለባት ሴት ጤነኛ ተብላ ትቆጠራለች። "ለከፍታ የተስተካከለ" ብሎ መጻፍ ሦስት ቃል ነው፣ ክብደቱ ግን ከሃያ ይበልጣል።

ቀኑንም እይው። "ከማርች 1 እስከ ኤፕሪል 30" አጠራጠረኝ። መረጃው የተሰበሰበው ከመጋቢት 1 እስከ ሚያዝያ 30፣ 2016 ዓ.ም. ከሆነ በአውሮፓውያኑ ከማርች 10 እስከ ሜይ 8፣ 2024 ነው። መጋቢትን ማርች፣ ሚያዝያን ኤፕሪል ብሎ ቀኑን እንዳለ መተው በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ደብዳቤ ላይ ካለው ቀን ጋር ሲጋጭ ደግሞ ፈቃድ ሳይገኝ የተጀመረ ያስመስለዋል።

ቃል ቆጣቢ የሆነ ትንሽ ነገርም አለ። ቆጣሪው ቃል የሚለየው በክፍት ቦታ ነው። በቅንፍ ውስጥ "ኤኦአር = 2.3፤ 95% ሲአይ፦ 1.4፣ 3.9" ብለሽ ስትጽፊ እኩል ምልክቷን ጨምሮ ሰባት ቃል ይቆጠራል። "ኤኦአር=2.3፤ 95% ሲአይ 1.4–3.9" ከሆነ አራት ነው። በሦስት ቅንፍ ዘጠኝ ቃል አተረፍሽ ማለት ነው። ይህን ግን ቁጥር ላይ ብቻ አድርጊው፤ ቃላትን በሰረዝ እያጣበቁ መሄድ ያስታውቃል።


መልስ፦ ሦስተኛው_ገምጋሚ

ማጠቃለያው ላይ ማንም አልነካም፤ እኔ ልንካው፣ ምክንያቱም ከሁሉ የባሰው እሱ ነው።

"የደም ማነስ መጠኑ ከፍተኛ ነው።" በምን ሚዛን? የዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል አለ፦ ከ5 እስከ 19.9% ቀላል፣ ከ20 እስከ 39.9% መካከለኛ፣ 40%ና ከዚያ በላይ ከባድ የሕብረተሰብ ጤና ችግር። ያንቺ 28.9% ነው፣ ሲአይው ከ24.5 እስከ 33.2 ሙሉ በሙሉ መካከለኛው ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ "መካከለኛ የሕብረተሰብ ጤና ችግር" ብትይ ትክክልም ነው፣ ማንም አይከራከርሽም። "ከፍተኛ" ግን የራስሽ ስሜት ነው።

"የሚመለከታቸው አካላት ልዩ ትኩረት ሊሰጡት ይገባል።" ይቺን ዓረፍተ ነገር የትኛውም ጥናት ሥር ብታስቀምጪያት ትስማማለች፤ ስለዚህ የማንም አይደለችም። ውጤትሽ የሚለው ሁለት ነገር ነው፦ ኪኒን የማይወስዱትና ክንዳቸው የቀጠነው ላይ የደም ማነሱ በርክቷል። ከዚያ የሚወጣው ምክር "በእያንዳንዱ ክትትል ኪኒኑን መዋጣቸውን መጠየቅና ክንድ መለካት ይበልጥ የተጋለጡትን ለመለየት ይረዳል" የሚል ነው። ማን፣ የት፣ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል።

የመንስኤ ቋንቋም እንዳይገባብሽ ተጠንቀቂ። ክሮስ ሴክሽናል ጥናት ኪኒኑና ደሙ የተለኩት በአንድ ቀን ነው፣ የትኛው እንደቀደመ አይናገርም። ደሟ አንሶ የተገኘች ሴት ኪኒን ሊታዘዝላት ይችላልና ነገሩ ወደ ኋላም ሊሄድ ይችላል። "አስከተለ"፣ "በዚህ ሳቢያ"፣ "ቀነሰ" የሚሉ ግሦች ይውጡ፤ "ተያይዟል" ይበቃል። ርዕስሽ ራሱ አማርኛው ላይ "ተያያዥ ምክንያቶች" ይላል። እንግሊዝኛው ምክንያት አላለም፣ ምክንያት ያልነው እኛ ነን። "ተያያዥ ሁኔታዎች" በይው።

ከቁጥር ሰው ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለኝ። ዕድሜን ሙሉ በሙሉ አታውጪ። አማካይ ዕድሜን በአራት ቃል አስቀምጪው፤ 28.9% የማን እንደሆነ ገምጋሚው ማወቅ አለበት። ጋብቻው ይቅር።

ቀይ እስክሪብቶም ዘዴው ላይ የተናገረው በአብዛኛው ትክክል ነው፣ ግን ቅድሚያ የጉባኤው ጥሪ ነው። አንዳንዱ ጥሪ ፒ ቫልዩ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሶፍትዌር ይጠይቃል፣ ንዑስ ርዕሶቹም ይለያያሉ። ላንሴት መጽሔት ላይ "ውጤት"ና "ማጠቃለያ" የሉም፣ "ግኝት"ና "ትርጓሜ" ናቸው፣ መጨረሻ ላይ የገንዘብ ምንጩም ይጻፋል። ቢኤምጄ ኦፕን የተባለው መጽሔት ደግሞ ንድፍ፣ ቦታ፣ ተሳታፊዎች እያለ ከፋፍሎ ይጠይቃል። የእነሱን ርዕስ በራስሽ ርዕስ መለወጥ ሳይነበብ የመመለሻ አጭር መንገድ ነው።


ደገኛዋ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። የኪኒኑ ሲአይ 3.9 ነው፣ እኔ ነኝ 2.9 ብዬ የገለበጥኩት። ቀኑም እንዳሉት ነው፤ መጋቢት 1 ነበር። ሄሞግሎቢኑ በሄሞኪዩ ተለክቶ ለከፍታ ተስተካክሏል፣ መለያ ነጥቡ ለሁሉም 11 ነው። እንግሊዝኛው አሁን 243 ቃል ነው። እነሆ፦

መነሻ፦ በጥናቱ አካባቢ ለነፍሰ ጡሮች አይረን ፎሌት እየታደለ የደም ማነስ ምን ያህል እንዳለ አልተለካም። ዓላማችን መጠኑንና ተያያዥ ሁኔታዎችን መለካት ነው።

ዘዴ፦ ከማርች 10 እስከ ሜይ 8፣ 2024 በአራት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ክሮስ ሴክሽናል ጥናት አካሂደናል። 422 የቅድመ ወሊድ ተከታታዮች በሲስተማቲክ ራንደም ሳምፕሊንግ ተመርጠዋል። ሄሞግሎቢን ከጣት በተወሰደ ደም በሄሞኪዩ ተለክቶ ለከፍታ ተስተካክሏል፤ በየትኛውም የእርግዝና ወቅት ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች የሆነ የደም ማነስ ተብሏል። የኪኒን አወሳሰድ በቃለ መጠይቅ፣ የክንድ ዙሪያ በሜትር ተወስዷል። መልቲቫሪያብል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተጠቅመናል።

ውጤት፦ ከተመረጡት 409 (96.9%) ተሳትፈዋል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 26.4 ነው። 118ቱ (28.9%፤ 95% ሲአይ 24.5–33.2) የደም ማነስ አለባቸው። መጠኑ ኪኒን ከማይወስዱት 39.3% (64/163)፣ ከሚወስዱት 22.0% (54/246) ነው (ኤኦአር=2.3፤ 95% ሲአይ 1.4–3.9)። የክንድ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች መሆንም ከደም ማነስ ጋር ተያይዟል (ኤኦአር=2.7፤ 95% ሲአይ 1.6–4.5)፤ ሦስተኛው የእርግዝና ሦስት ወርም እንዲሁ (ኤኦአር=1.9፤ 95% ሲአይ 1.1–3.2)።

ማጠቃለያ፦ የደም ማነስ በአካባቢው መካከለኛ የሕብረተሰብ ጤና ችግር ነው። በእያንዳንዱ ክትትል የኪኒን አወሳሰድን መጠየቅና ክንድ መለካት ይበልጥ የተጋለጡትን ለመለየት ይረዳል። እናቶች ከምግብ ጋር ቡናና ሻይ እንዳይጠጡም መመከር አለባቸው።


መልስ፦ የቁጥር_ሰው

በጣም ተሻሽሏል። ሁለት ነገር ቀርቷል።

የቡናና የሻይዋ ዓረፍተ ነገር ከየት መጣች? ምክሩ በራሱ ትክክል ነው፣ ግን ውጤቱ ውስጥ ስለ ቡና አንድም ቁጥር የለም። ማጠቃለያ ላይ ውጤቱ ውስጥ የሌለ ነገር አይገባም። አውጪያት፤ የሚተርፈውን ቃል "የትኛው እንደቀደመ ከዚህ ጥናት አይታወቅም" ለማለት ተጠቀሚበት።

ሁለተኛው፣ "ሦስተኛው ሦስት ወር" ያልሽው ከየትኛው ጋር ተነጻጽሮ ነው? ከመጀመሪያው ከሆነ ጻፊው። "ከመጀመሪያው ሲነጻጸር" ሁለት ቃል ነው። ከሁለተኛው ጋር ከሆነ ግን መለያ ነጥቡን እንደገና ማየት ይኖርብሻል። በ11 ስትለኪ፣ በአዲሱ መመሪያ በ10.5 የሚያልፉ የሁለተኛው ወቅት ሴቶች የደም ማነስ አለባቸው ተብለው ተቆጥረዋል፤ ልዩነቱ ከእውነተኛው አንሶ ሊታይ ይችላል።


መልስ፦ ቀይ_እስክሪብቶ

ሲስተሙ ላይ ስታስገቢው ከወርድ በቀጥታ አትለጥፊው። መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፊው፣ ከዚያ ገልብጪ። እንግሊዝኛው ላይ ለ"ከ11 በታች" የምትጠቀሚው "<" ምልክት አንዳንድ ሲስተም ውስጥ እንደ ኮድ ይቆጠርና ከሱ በኋላ ያለው ጽሑፍ ይጠፋል፤ በቃል ጻፊው። "±" እና "≥" ወደ ጥያቄ ምልክት የሚለወጡበት ጊዜ አለ። በሲአይው ሁለት ጫፎች መካከል ያለችው ረጅም ሰረዝም እንዲሁ፤ ከጠፋች 1.4–3.9 የነበረው 1.43.9 ይሆናል። "1.4 እስከ 3.9" ብትዪው አይጠፋም፣ ለእያንዳንዱ ሲአይ ሁለት ቃል ያስከፍልሻል እንጂ። ካስገባሽ በኋላ የማረጋገጫውን ፒዲኤፍ አውርደሽ እያንዳንዱን ቁጥር ከሰንጠረዡ ጋር አስተያዪ።

ግምገማው ስም አልባ ከሆነ ደግሞ የዩኒቨርሲቲሽን ስም ጽሑፉ ውስጥ አታስገቢ። "አራት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች" ማለትሽ ጥሩ ነው። ሲስተሙ ንዑስ ርዕሶቹንም እንደ ቃል ከቆጠረ 243 ላይ አራት ጨምሪ፤ አሁንም ያልፋል።


መልስ፦ ላይብረሪ_ጥግ

ጣልቃ ልግባና፣ ለመመረቂያው የአማርኛ አብስትራክትም የሚጠየቅ ሰው ካለ፦ በማሽን ሲተረጎም "ረቂቅ" ብሎ ያወጣዋል። ረቂቅ ያላለቀ ጽሑፍ ነው። የአማርኛ ክፍሎች "አኅጽሮተ ጥናት" ወይም "አጠቃሎ" ይሉታል። አማርኛው ከእንግሊዝኛው በቃል ብዛት ማነሱ አያስደንግጥ፣ "በ"ና "ከ" ከስሙ ጋር ስለሚጣበቁ ነው።


ደገኛዋ

ሦስተኛው ወቅት የተነጻጸረው ከመጀመሪያው ጋር ነው፣ ጨምሬዋለሁ። ቡናዋ ወጥታለች። 247 ላይ ቆሟል። የመጨረሻው ቀን አርብ 23:59 ይላል፣ በእኛ ከምሽቱ 5፡59 ማለት ነው አይደል?


መልስ፦ ሦስተኛው_ገምጋሚ

በአዲስ አበባ ሰዓት ከሆነ አዎ። ጥሪው ጂኤምቲ ካለ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ቀደም ባለው ሥሪ፣ ሐሙስ ላይ ላኪው፤ በመጨረሻው ሰዓት ሲስተሙ ስለሚጨናነቅ ፋይሉ ሳይገባ ሊቀር ይችላል።